የሠርግ ጥሪ በጎጃም፦ መልእክተኛ፣ ካርድ፣ ስልክ ወይስ ቴሌግራም?

ሠርግ ሲቃረብ ቤት ውስጥ ቶሎ ጭቅጭቅ ከሚያስነሱ ጉዳዮች አንዱ ጥሪ ነው። ሙሽሮቹ "ካርዱን በቴሌግራም እንልቀቀው፣ ማን ወረቀት ይዞ ይዞራል?" ይላሉ። አባት "ታላቅ ወንድሜን በስልክ ልጠራው? ምን ቆርጦኝ!" ብለው ይቆጣሉ። እናት ደግሞ የእድሩን፣ የማኅበሩንና የሰንበቴውን ሰው በጣታቸው እየቆጠሩ ናቸው። ሦስቱም የሚሉት ልክ ነው። ጭቅጭቁ የሚመጣው አንዱ መንገድ ለሁሉም እንግዳ እንዲበቃ ሲፈለግ ነው።

እኔ የምመክረው መንገዱን በተጠሪው ልክ መምረጥ ነው። ጎጃም ውስጥ ሰው ከሠርግ ሲቀር ብዙ ጊዜ ምክንያቱ "አልሰማሁም" አይደለም። ወሬው ደርሶታል። የቀረው እንደ ወጉ ስላልተጠራ ነው። ደብረ ማርቆስ ባንክ ቤት የሚሠራ ጓደኛችሁና ደጋ ዳሞት ያሉ አጎታችሁ አንድ ዓይነት ጥሪ አይጠብቁም።

መጀመሪያ ቀኑና ቁጥሩ ይቆረጥ

ካርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ቀኑን አጥብቁ። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ዘንድ በጾም ሠርግ አይደገስም። ስለዚህ ሠርጉ ሁሉ ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ ባለው ጊዜ ይጨናነቃል። ያልደረሰለት ከፋሲካ በኋላ ወደ ሚያዝያና ግንቦት ይሄዳል።

ይህ የጥርና የየካቲት ወቅት በየዓመቱ እኩል አይረዝምም። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀድሞ አይገባም፣ ከመጋቢት 5ም አያልፍም። በ2018 የጾሙ መግቢያ የካቲት 9 ሲሆን በ2019 ግን የካቲት 29 ነው። የመጀመሪያው ዓመት ለሠርግ የሚሰጠው አራት ሳምንት ብቻ ነው። ሁለተኛው ወደ ሰባት ሳምንት ይጠጋል። ወቅቱ ሲጠብ አንድ ሰው በአንድ እሑድ ሦስት ቦታ ይጠራል፣ የሚሄደውም ቀድሞ ወደ ጠራው ነው። እንዲህ ባለው ዓመት ጥሪው ከገና በፊት ቢጀመር አይበዛበትም። ገና በጾም ላይ ነን ብላችሁ አትዘግዩ፤ በጾም መደገስ እንጂ መጥራት ማንም አይከለክልም።

የነነዌን ጾምም አትርሱ። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሦስት ቀን ነው፤ የሚውለውም ዐቢይ ጾም ከመግባቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ሠርጉን እሑድ አድርጋችሁ መልሱን ማክሰኞ ካሰባችሁ ካላንደር ገልጣችሁ እዩ። ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ ለመልስ ይመቻሉ። ሠርጉ እንጅባራ ከሆነ ደግሞ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ዓመታዊ በዓል አለ። በዚያ ሰሞን ከሩቅ ለሚመጣ እንግዳ ማደሪያ ማግኘት ከባድ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ቁጥሩ ነው። የሙሽራውና የሙሽሪት ቤት እንግዳቸውን የሚጠሩት ለየብቻ ነው። የሚያገናኛቸው የአጃቢው ቁጥር ነው። ይህን ሽማግሌዎቹ አስቀድመው ይነጋገሩበት። "ሠላሳ ሰው ይዘን እንመጣለን" ተብሎ ስድሳ ሰው ከሚኒባስ ሲወርድ የሙሽሪት እናት ምን እንደሚሰማቸው መገመት አይከብድም። ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። በሙሽራው ወገን የምትጠሩ ከሆነ አጃቢ የሚሆነውንና ለቅልቅሉ ብቻ የሚመጣውን ከመጀመሪያው ለይታችሁ ንገሩት። አጃቢ ነኝ ብሎ ሱፍ ያሰፋን ሰው በመጨረሻው ሳምንት "አንተ እንኳ ለቅልቅሉ ና" ማለት አይቻልም።

መልእክተኛ፦ ቀርፋፋ ነው፣ ግን ይከበራል

ለገጠር ዘመድ፣ ለታላላቆች፣ ለንስሐ አባት፣ ለክርስትና አባትና እናት ከዚህ የሚሻል የለም። ወጪው የትራንስፖርትና የጊዜ ነው። ሞጣ፣ ብቸና፣ ቢቡኝና ደብረ ወርቅ የተበተነ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ለዚህ ብቻ ሁለት ሳምንት ቢመድብ ይሻለዋል።

ዋናው ጥያቄ ማን ይሂድ የሚለው ነው። ለታላቅ ሰው ታናሽ ልጅ ብቻውን አይላክም። የሙሽራው አባት ራሳቸው ቢሄዱ ምርጥ ነው። ካልቻሉ ወንድማቸው ወይም በአካባቢው የተከበረ ሽማግሌ ይሂድ፣ ሙሽራው ደግሞ ይከተል። ሙሽራው ቆሞ ጉልበት ስሞ፣ ሽማግሌው "ለልጃችን ሠርግ እርስዎ ካልተገኙ ዳሱ አይደምቅም፣ መርቀው እንዲድሩልን መጥተናል" ሲሉ ጉዳዩ አለቀ። ተጠሪው "ምን ልርዳችሁ?" ማለታቸው አይቀርም። ጤፍ ወይም ማር የሚገኘው፣ ጠላ ጠማቂ ሴት የምትላከው፣ ለእንግዳ ማደሪያ ቤት የሚለቀቀው በዚህ ወሬ መሐል ነው። ካርድ ይህን አያመጣም።

ቅደም ተከተሉም ይታያል። ታላቅ አጎት ከታናሹ ቀድመው ይጠሩ። ሁለት ወንድማማቾች ጎን ለጎን የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ በአንድ ቀን ሁለቱም ቤት ግቡ። አንዱ ቤት ቡና ጠጥታችሁ ሌላውን ደጅ ላይ ቆማችሁ ብትጠሩት የቆመው ይቀየማል።

የመልእክተኛ ትልቁ ድክመት ቀን መምታታቱ ነው። "የዛሬ ሦስት ሳምንት እሑድ" የተባለው ሰው ጋ ሲደርስ የዛሬ ሁለት ሳምንት ይሆናል። ስለዚህ ለገጠር ሰው ቀኑን ከበዓል ጋር አያይዛችሁ ንገሩ። "የአስተርእዮ ማርያም ማግስት" ከተባለ ጥር 22 መሆኑን ማንም አይስትም። መልእክተኛውም እየዞረ የጠራውን ሰው በደብተር ምልክት ያድርግ። አለዚያ አንዱ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ሌላው ይረሳል።

ምክሩ ከተማ ላይ ሲደርስ ይለያል። ባሕር ዳር የሚኖር ሥራ የሚበዛበት ሰው ቤቱ ድረስ ሁለት ጊዜ ተሄዶ ካጣችሁት አትጨነቁ። ካርዱን ለባለቤቱ ሰጥታችሁ ማታ ደውሉለት።

ካርድ፦ ለከተማው፣ ለመሥሪያ ቤቱና ለማስታወሻ

ካርድ ሁለት ጥቅም አለው። ቀን፣ ሰዓትና ቦታ በጽሑፍ ይይዛል። ተጠሪውም በስሙ ስለሚደርሰው የተከበረ ይመስለዋል። ለሥራ ባልደረባ፣ ለአለቃ፣ ለከተማ ጎረቤትና ለሙሽሮቹ ጓደኞች እሱ ነው ትክክለኛው።

ዋጋው በሦስት ነገር ይወሰናል፦ በወረቀቱ ውፍረት፣ በጌጡ እና በብዛቱ። ወርቃማ ህትመት፣ ሪባንና የተቆረጠ ቅርጽ ዋጋውን ይሰቅሉታል፣ እንግዳው ግን ካርዱን ፍሪጅ ላይ ለጥፎ ቀኑን ብቻ ነው የሚያየው። ደህና ጠንካራ ወረቀት፣ ጥርት ያለ ፊደልና ፖስታ ይበቃል ባይ ነኝ። የተረፈው ብር ለዳሱ ይሁን። ቁጥሩን ስትተምኑ በሰው አትቁጠሩ፣ በቤት ቁጠሩ። አራት መቶ እንግዳ ማለት አራት መቶ ካርድ ማለት አይደለም። ለተረሱ ሰዎችና ለሚበላሹ ትንሽ ጨምራችሁ እዘዙ፤ በኋላ ሃያ ካርድ ብቻ ላሳትም ብትሉ ዋጋው አይቀመስም።

ጽሑፉ ላይ ግን ልብ በሉ። የአንዲት ጎረቤቴ ልጅ ካርድ ከማተሚያ ቤት ሲመጣ ጥር 24 የሚለው ጥር 14 ሆኖ ተገኘ። ሁሉም ካርድ በእስክሪብቶ ታረመ። ስለዚህ ናሙናውን ስልክ ላይ ብቻ አይታችሁ "እሺ" አትበሉ። ወረቀት ላይ አሳትማችሁ፣ ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው። የሙሽሮቹ ስም፣ የአባቶቹ ስም፣ የሳምንቱ ቀን ከወሩ ቀን ጋር መግጠሙ፣ የአዳራሹ ስም በደንብ ይታይ። ፊደል ላይ ደግሞ አባት ስማቸውን በ"ኃ" የሚጽፉ ከሆነ በ"ሀ" አትጻፉባቸው።

ለካርዱ ቃላት ብዙ መራቀቅ አያስፈልግም። "ልጃችን ... ከ... ጋር ጥር 22 ቀን ሥርዓተ ጋብቻቸውን ስለሚፈጽሙ፣ በዕለቱ ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ በመኖሪያ ቤታችን በተዘጋጀው የምሳ ግብዣ ላይ ከነባለቤትዎ እንዲገኙልን በአክብሮት ጠርተንዎታል።" በቃ። ታች ላይ "አክባሪዎችዎ" ብላችሁ የወላጆቹን ስም አስገቡ። ጠሪው ሙሽሮቹ ሳይሆኑ ወላጆቹ መሆናቸው ለብዙ ሰው ዛሬም ትርጉም አለው። ወላጅ ያረፈበት ሙሽራ ከሆነ ያሳደገው አጎት ወይም ታላቅ ወንድም ይጥራ።

"ከነባለቤትዎ" እና "ከነቤተሰብዎ" የሚሉት ልዩነት በእንጀራ ይቆጠራል። የመጀመሪያው ሁለት ሰው ነው። ሁለተኛው ስድስት ሊሆን ይችላል። አዳራሽ ተከራይታችሁ በወንበር የምትከፍሉ ከሆነ "ከነባለቤትዎ" በሉ። ቤት ዳስ ጥላችሁ የምትደግሱ ከሆነ "ከነቤተሰብዎ" ማለት ያምራል፣ ልጆቹም መምጣታቸው አይቀርም።

አድራሻ ላይ "ቀበሌ 04" ብቻ አይበቃም። የገጠር ቤት በደብር ስም ይነገር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ይበል ከፍ ይበል ይጻፍ። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ እንግዳ መንገዱን ለዩለት። የአባይን በረሃ ተሻግሮ ደጀን ከደረሰ በኋላ መንገዱ ይከፈላል። አንዱ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ ይሄዳል። ሌላው በብቸናና በሞጣ። ሠርጋችሁ ሞጣ ሆኖ እንግዳው ፍኖተ ሰላም ከደረሰ ቀኑ አልቋል።

የባንክ ሂሳብ ወይም የቴሌብር ቁጥር ካርድ ላይ ማሳተም አሁን አሁን እየተለመደ ነው። እኔ አልወደውም። ጥሪ ሳይሆን መዋጮ ያስመስለዋል። የጎጃም እንግዳ ባዶ እጁን እንደማይመጣ ይታወቃል፣ በብዙ ቦታም ስጦታው በደብተር ይመዘገባል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ቁጥሩን ከፈለገ ይጠይቃል፣ ያኔ ለብቻው ላኩለት።

ስልክ፦ ምትክ እንጂ መነሻ አይደለም

ስልክ በሁለት ቦታ ይጠቅማል። አንደኛው ካርድ ለደረሰው ሰው በሠርጉ ሳምንት ለማስታወስ ነው። ሁለተኛው መንገድ በማያስኬድበት ጊዜ ነው። ባለፉት ዓመታት ጎጃም ውስጥ መንገድ ድንገት ሲዘጋ ብዙ ቤተሰብ ታላላቆቹን ሳይቀር በስልክ ለመጥራት ተገዷል። ሰውም ይህን ተረድቷል። ግን አደዋወሉ ወግ አለው። የሚደውሉት አባት ወይም እናት ይሁኑ። መጀመሪያ ጤና፣ ከብቱ፣ አዝመራው ይጠየቅ። ከዚያ "በእግሬ መምጣት ሲገባኝ መንገዱ አላስኬድ ብሎኝ ነው፣ ይቅር በሉኝ" ይባል። ይህች ይቅርታ ከተዘለለች ጥሪው ትእዛዝ ይመስላል።

የጽሑፍ መልእክት ግን ለጥሪ አይሆንም። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ስለሆነ ረጅሙ ጥሪያችሁ ተቆራርጦ ይከፈልበታል። አንዳንድ አሮጌ ቁልፍ ስልክ ላይ ደግሞ ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይወጣል። "ነገ 6 ሰዓት፣ እንዳይረሱ" ለምትል አጭር ማስታወሻ ይሁን።

ቴሌግራም፦ ፈጣን፣ ርካሽ፣ ለአንዳንዱ ሰው ስድብ

የክፍል ጓደኛ፣ አዲስ አበባ ያለ እኩያና ውጭ አገር ያለ ዘመድ በቴሌግራም ቢጠራ ችግር የለውም። እንዲያውም ለውጭው ሰው ይሻላል። ፈቃድ ጠይቆ ትኬት ስለሚቆርጥ ከሁሉም ቀድሞ፣ ሦስትና አራት ወር ሲቀረው ይላክለት። ቀኑ በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር ይጻፍ። ሰዓቱ ላይ "ከቀኑ 6 ሰዓት" የሚለውን እዚያ ተወልደው ያደጉት ልጆች ማታ ብለው እንዳይረዱት ቀትር መሆኑን ግለጹ።

ልዩነቱ ያለው አላላኩ ላይ ነው። ካርዱን ስምንት መቶ ሰው ያለበት ግሩፕ ውስጥ መልቀቅ ማንንም አለመጥራት ነው። ያው ካርድ ለአንድ ሰው ለብቻው፣ ስሙ ተጠርቶ፣ ከሁለት መስመር የግል ቃል ጋር ከተላከ ጥሪ ይሆናል። የድምፅ መልእክት ቢጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ይሞቃል። ግሩፕ ውስጥ መልቀቅ ሌላም መዘዝ አለው፦ ያልጠራችሁት ሰው ይመጣል፣ የጠራችሁት ይቀራል።

በኢንተርኔት ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። በ2015 መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት አልተመለሰም ነበር። ጥሪውን ሁሉ ቴሌግራም ላይ ያኖረ ሰው ያኔ ምን ያደርግ ነበር? የእንግዳውን ዝርዝር ወረቀት ላይም ያዙ።

እድር፣ ማኅበርና መሥሪያ ቤት

የእድር ሰው አንድ በአንድ መዞር ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። አባት ወርኃዊው ስብሰባ ላይ ቆመው ይጥሩ፣ የእድሩ ዳኛ ይድገሙት። ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስቱም የሚጠየቀው እዚያው ስለሆነ ሁለት ጉዳይ በአንድ ያልቃል። በዚያ ቀን ለቀሩት ብቻ ቤታቸው ሂዱ። ማኅበርና ሰንበቴም እንዲሁ ነው። መሥሪያ ቤት ላይ ግን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ካርድ ለጥፎ መሄድ አይበቃም። ለክፍሉ አንድ፣ ለአለቃ ለብቻ፣ ለቅርብ ጓደኛ ለብቻ ይሰጥ።

ሙስሊም ጎረቤትና ባልደረባ ስትጠሩ የእነሱ ምግብ ለብቻ መዘጋጀቱን አብራችሁ ተናገሩ፤ በሙስሊም አራጅ መታረዱንና ዕቃውም የተለየ መሆኑን። ይህን ሳይሰሙ ቢመጡ ሰላምታ ሰጥተው ሊመለሱ ይችላሉ። ለኒካህ ክርስቲያን ጎረቤት የሚጠራ ሙስሊም ቤተሰብም ለጎረቤቱ የሚያዘጋጀውን ቢነግር፣ ቀኑ ጾም ላይ አለመዋሉንም ቢያይ መልካም ነው።

ለእናንተ የትኛው?

ሠርጉ ባሕር ዳር አዳራሽ ውስጥ፣ እንግዳውም በአብዛኛው የከተማ ሰው ከሆነ ካርድ ዋናችሁ ይሁን። ቴሌግራም ለሩቁ፣ መልእክተኛ ደግሞ ለአሥርና ለሃያ የቤተሰብ ታላላቆች ይሂድ። አዳራሹ በወንበር ስለሚያስከፍል ቁጥር ማወቅ አለባችሁ። "ይመጣሉ ወይስ ይቀራሉ?" ብሎ መጠየቅ ግን እኛ ዘንድ እንግዳን እንደ ማባረር ይቆጠራል። ሚዜዎቹ በሠርጉ ሳምንት "መኪና እናዘጋጅልዎ ወይስ በራስዎ ይመጣሉ?" ብለው ይደውሉ። መልሱ ያው ቁጥሩን ይነግራችኋል።

ሠርጉ ገጠር ከሆነ ገንዘባችሁን ካርድ ላይ አታፍስሱ። ጥቂት ካርድ ለወረዳው ሠራተኛ፣ ለመምህራንና ለከተማ ዘመድ ይበቃል። ሌላው በመልእክተኛና በእድር ይጠራ። የገበያ ቀንንም ተጠቀሙበት፤ የሩቅ ቀበሌ ሰው ሁሉ ገበያ ላይ ይገኛል። ገበያ ላይ መጥራት ለእኩያና ለትውውቅ ሰው በቂ ነው። አማት ለሚሆን ሰው ግን አይሆንም።

በጀቱ የጠበበበት ሰው ካርዱን ይተው፣ መልእክተኛውን አይተው። አንድ ወግ አጥባቂ አጎት ቤቱ ድረስ ስለተሄደ ደስ ብሎት በግ ነድቶ ይመጣል። የሚያምር ካርድ ስለደረሰው በግ ነድቶ የመጣ አላየሁም።

ጊዜውን በአጭሩ፦ ለውጭ አገር ሰው ከሦስት ወር በላይ፣ ለሩቅ ገጠር ዘመድ ወር ሲቀረው፣ ለከተማ ካርድ ሦስት ሳምንት፣ ለእድር ከሠርጉ በፊት ያለው የመጨረሻ ስብሰባ። ከዚያ በላይ ቀድሞ የተሰጠ ካርድ ይረሳል።

የተረሳ ሰው መኖሩ አይቀርም። በዋዜማው ቢታወስም ዝም አትበሉ። አባት ራሳቸው በዚያው ማታ ቤቱ ይሂዱ፣ ካርድም ሰበብም አያስፈልግም። "በግርግር አለፍንህ፣ ነገ ከእኛ ጋር ቆመህ እንግዳ ትቀበላለህ" ይበሉት። ሥራ የተሰጠው ሰው ቅያሜውን ቶሎ ይተዋል፣ ነገ ጠዋት ደግሞ ወንበር የሚደረድር ሰው በእርግጥም ያስፈልጋችኋል።